መስኮት አለው ያሉት ገንዘብ

ሰኞ

ራዲዮው ዛሬ ጠዋት የወረቀት ገንዘብ ሊቀር ነው አለ። በምትኩ ፕላስቲክ ይመጣል። ዝናቡ አባርቶ ሰማይ ሲጠራ ወረቀቱ የሚሞትበት ቀን ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀት ይዞ ባንክ የሄደ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ባለቤቴ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ቢላዋዋን ገታ አደረገች። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ሥራዬ የተቀደደ ኖት መጠገን ነው። ገበያው በር ላይ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን ጠረጴዛ አለኝ። ምላጭ፣ ስስ ወረቀት፣ ከስታርች የተቀቀለ ሙጫ፣ ካውያ። ካውያው የሰፊው ነው። ባንክ አልቀበልም ያለውን ኖት ሰው ያመጣልኛል፣ ስብራቱን ገጥሜ፣ ተኩሼ እመልስለታለሁ። ስለዚህ "ወጌሻው" ይሉኛል። ይበሉ።

ፕላስቲክ አይቀደድም አሉ። የማይቀደድ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ይህን ደብተር የጀመርኩትም ለዚህ ነው። ነገሩ ሲከሽፍ ማን ምን ብሎ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል።

ጭጋጉ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል።

ማክሰኞ

ሰፊው ገና ሲያየኝ ጀመረ።

"ወጌሻው፣ አጥንት የሌለው በሽተኛ መጣልህ!"

"አጥንት የሌለው ነገር ቆሞ አይሄድም" አልኩት።

"ይሄ ይሄዳል። ቢረጥብ አይበሰብስ፣ ቢያጥፉት አይሰበር። እንዳንተ ነው፣ ግትር።"

ገበያተኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰፊው ዘንድሮ አፉ በዝቷል። ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ እየጮኸ ይጣራል። "ሽንኩርት ሻጯ መጣች!" ይላል። "ሥጋ ሻጩ ከነቢላዋው!" ይላል። ድሮ መርፌውን በአፉ ነክሶ ነበር የሚውለው። እርጅና አንዳንዱን ዝም ያሰኛል፣ አንዳንዱን ደግሞ አዋጅ ነጋሪ ያደርጋል።

ጭጋጉ እስከ ቀትር አልተነሣም። ከጠረጴዛዬ እስከ ሥጋ ቤቱ ያለው መንገድ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ሰዎች ከወተቱ ውስጥ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይሰምጣሉ። ክፉ አይደለም ለማየት። "የዘንድሮ ጭጋግ ጉድ ነው" አልኩት።

"የቱ ጭጋግ?" አለ ሰፊው። መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ ደግሞ "አዎ፣ ጉድ ነው" አለ።

ዓይኑ ክር ላይ የሚውል ሰው ሰማይ አያይም።

ሐሙስ

ህልም አየሁ። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ትንሿ ኖት ላይ ባንድ እግሯ የቆመች ወፍ አለች። መካከለኛው ላይ ድልድይ አለ። ትልቁ ላይ እንስራ ያዘለች ሴት። እዚህ ገበያ ማንም ሰው ቁጥር አይጠራም፤ "ወፍ አለህ?"፣ "እስቲ ድልድይ ዘርዝርልኝ" ነው የሚባባለው። በህልሜ ድልድዩ ላይ ቆሜያለሁ። ከሥሬ የሚወርደው ወንዝ ስስ ወረቀት ነው፤ ባለ ሱቅ ማታ ማታ ገንዘቡን ሲያገላብጥ እንደሚሰማው ይንሿሿል። ወፏ ከዳር ቆማለች። ዓይኗ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት አለው፤ ላባዋን አንድ በአንድ ማየት እችል ነበር። ባለ እንስራዋ ከማዶ መጣች። እንስራዋ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን የለጠፍኩት ነው።

"ምን ፈለግህ?" አለችኝ።

"የተቀደደብሽ ካለ" አልኳት።

ስቃ አለፈችኝ። ውኃው አልተንጠባጠበም።

በህልሜ ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም። ስነቃ የመኝታ ቤቱ መስኮት ነጭ ነው።

ቅዳሜ

አምፖሉን ለወጥኩት። አዲሱም እንደ ድሮው ነው፤ ዙሪያውን ዝናብ እንደሚያመጣ ጨረቃ ቀለበት ሠርቶ ይቆማል እንጂ አያበራም። ባለቤቴ "ደህና ያበራል እኮ" አለች። ሴት ለአምፖል ሻጭ ትራራለች።

ይህ ደብተርም የተሠራው በንፉግ ፋብሪካ ነው። መስመሩን በደንብ አላቀለሙትም። ካርቶን ቆርጬ ከእጄ ሥር እያስቀመጥኩ እጽፋለሁ። ጋዜጣውም ፊደሉን አሳንሷል፣ ወረቀት ተወዶ ነው ይሆናል።

ረቡዕ

መጣ። ፕላስቲኩ መጣ።

ሰፊው ከባንክ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። እንደ ዓሣ ሊያመልጠኝ ነበር። ጨመቅኩት፣ ተመልሶ ተዘረጋ። አሸተትኩት፣ ምንም አይሸትም። የወረቀቱ ኖት የያዘው ሰው ሁሉ ላብ አለበት፤ የዓሣ ሻጩን ከጸጉር አስተካካዩ በአፍንጫዬ እለየው ነበር። ጣቴም ያውቃል። ወፏ ከእጅ እጅ ስለምትዞር እንደ አሮጌ ጨርቅ ለስላሳ ናት፤ ባለ እንስራዋ ትራስ ሥር ስለምትውል ደረቅ ናት። ይሄኛው ትንሹም ትልቁም አንድ ቆዳ ነው።

"መስኮቱን አየኸው?" አለ ሰፊው።

"የምን መስኮት?"

"ይሄው፣ መሀሉ ላይ። ወዲያ ማዶ ያሳያል።"

ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። አራቅኩት። ገለበጥኩት።

"የለውም" አልኩ።

"ኧረ አለው!"

ሽንኩርት ሻጯ ከእጄ ወሰደችና "ጋሼ ወጌሻው፣ በዚህ በኩል ፂምዎ ታየኝ! ማበጠሪያ ይፈልጋል!" አለች። ተሳሳቁ። ተመካክረው የሚቀልዱ ሰዎችን አውቃለሁ። ገንዘብ ግድግዳ ነው፣ ሰው ከኋላው ይጠለላል። ግድግዳ ላይ መስኮት ያወጣ መንግሥት ካለ ጉዱን እናያለን።

መስኮት የለውም። በደንብ ነው ያየሁት።

ዓርብ

ልጄ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል። ገና ሳትቀመጥ እጇን ፊቴ ላይ ዘረጋች።

"አባዬ፣ ይሄ ስንት ጣት ነው?"

"ቁጥር ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

"አባዬ፣ ስንት?"

"የሚበቃሽን ያህል ነው።"

እናቷ ሳቀች። ልጅቱ አልሳቀችም። የዓይን ሐኪሙን አነጋግራለች። የዓይን ሞራ ነው፣ ግርዶሽ ነው፣ በጊዜ ከተገፈፈ ይድናል፣ ከከረመ ግን ከኋላው ሌላ ጣጣ ያመጣና ብርሃኑ እስከ ወዲያኛው ይጠፋል ብሏታል። ያላየኝ ሰው ነው ይህን ሁሉ ያለው! "ሳይውል ሳያድር አምጪው" ብሎ ለማክሰኞ ተራ ሰጥቷታል።

"ዓይኔ ላይ የሰው እጅ አይገባም" አልኳት።

"ለምን?"

"ተጠግኖ እንደነበረው የሆነ ነገር አላየሁም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ?"

ስትወጣ ግን ከበሩ ላይ "አባዬ፣ የዘረጋሁት ጣት አልነበረም፣ ቡጢ ነበር" አለች።

ጨለማ ነበር ኮሪደሩ።

ማክሰኞ

ሥራ ሄድኩ። ዝናብ። ሰው የለም። ሐኪም ቤቱ ግን ሞልቶ ይሆናል፤ ሥራ ፈት አይጠፋ።

ሰፊው "ዛሬ ቀጠሮ የለህም እንዴ?" አለ። ማን ነገረው?

እሑድ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ አረፈደ። የድሮ ነገር አሰብኩ።

ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም። ተሸካሚ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከኖት ላይ ነው። የቀን ምንዳዬን ስቀበል ባለ ሱቁ ዘንድ እሄድና "ይሄኛው ምን ይላል?" እለዋለሁ። እሱም አንዲት ፊደል ይነግረኛል፣ እኔም ዳቦ እገዛዋለሁ። ወፏ ብዙ አላስተማረችኝም፤ ድልድዩ ላይ ግን ረጅም ጽሑፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ያነበብኩትን መጽሐፍ ሁሉ ያነበብኩት በድልድዩ ተሻግሬ ነው። ባለቤቴንም ያስተማርኳት እዚያው ላይ ነው። እጮኛዬ ሳለች ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር ትጎትት ነበር፣ እኔም ጣቷን አይ ነበር እንጂ ጽሑፉን አላይም ነበር።

አዲሱ ላይ ጽሑፉን ፈለግኩት። አሳንሰውታል። ማንም እንዳያነበው አድርገው ነው ያተሙት።

ረቡዕ

ባለቤቴ አዲስ ነጠላ ጫማ ገዝታለች። ሶሉ እንጨት ነው መሰለኝ። ድሮ እንደ ድመት ነበር የምትራመደው፤ አሁን ከወጥ ቤት እስከ መኝታ ቤት ቋ ቋ ቋ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ ቤቱን ሁሉ ስትዞረው እሰማታለሁ።

"ምንድን ነው ይሄ ጫማ?" አልኳት።

"ተስማማኝ።"

"ፈረስ ያገባሁ ነው የሚመስለው።"

"እንግዲያው ሣር አምጣልኛ!"

የደረጃው ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጭ ፕላስተር ለጥፋለች። ለምን ስላት ለጌጥ ነው አለች። ቤታችን ጌጥ ኖሮት አያውቅም። አልተጣላኋትም። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ አልተደናቀፍኩም፣ ይህን ግን አልነገርኳትም።

ዓርብ

ዛሬ የሆነውን እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ነበር። ሽንኩርት ሻጯ እየሮጠች መጣች፣ ሰፊው ዛሬ አልተጣራም፣ ደንበኛ ይዞ ነበር። የመቀነቷ ከረጢት ጎርፍ ውስጥ ወድቆባት ገንዘቧ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። "ጋሼ ወጌሻው፣ ነፍሴን ያትርፉልኝ። የነገ ጭነት የምገዛበት ነው" አለች። አትቸኩዪ አልኳት። ለዚህ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።

እርጥብ ኖት አሠራር አለው። ይታጠባል፣ አንዱ ካንዱ በምላጭ ጀርባ ይላቀቃል፣ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ መካከል ይደረደራል፣ ካውያ ይተኮስበታል። አጠብኩ፣ አላቀቅኩ፣ ደረደርኩ። ሁሉም ያዳልጥ ነበር። እርጥብ ነገር ሁሉ ያዳልጣል። ካውያውን ከሰፊው ተቀብዬ አሳረፍኩበት።

ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ማበጠሪያ ሽታ። ጨርቁን ገለጥኩት። ጣቴን ስሰድ ኖት አላገኘሁም። የተጨማደደ፣ የጠነከረ ነገር ነው ያገኘሁት፣ እንደ ደረቀ ቅጠል።

አንዱ ከኋላ "ድልድዩ ጥፍር አከለ!" አለ፣ ገበያተኛው ሳቀ።

ሴትየዋ አልሳቀችም። "አዲሶቹ ነበሩ እኮ፣ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። "ወረቀት ሁለት ብቻ ነው የነበረኝ። አይተዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ጮክ ብዬ ተናገርኩ። "እሳት የማይችል ገንዘብ ገንዘብ አይደለም!" አልኩ። ለማን እንደምናገር አላወቅኩም፣ ከፊቴ ወተት ብቻ ነበር። መሳቢያዬን ከፍቼ ያለውን ሁሉ ሰጠኋት። "ይቅር፣ ኧረ ይቅር" እያለች ስታለቅስ እጇን ይዤ አስጨበጥኳት።

ሲበታተኑ ሰፊው ካውያውን ወሰደና ገመዱን ጠቀለለ። ረጅም ጊዜ ጠቀለለው።

"መስኮት ነበራቸው" አለ። "ሁሉም መስኮት ነበራቸው።"

ቅዳሜ

አልሄድኩም።

ሰኞ

ዛሬም። ዝናብ ነው።

ጣቴ የት ነበር? ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቅ ጣት። ያን ዕለት የት ሄደ?

ማክሰኞ

ሻይ ስቀዳ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆዎቹን በትንንሽ ለውጣቸዋለች። ባለቤቴ ምንም ሳትል ጠረገችው። ብትናገር ይሻል ነበር።

ሐሙስ

ከደረጃው እየወረድኩ ሳለ ወጥ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። መስማት አልፈለግኩም። ፕላስተሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ እግሬ አልነቃነቅም አለ።

"ንገሪው በቃ፣ እማዬ!" አለች ልጄ።

"ምን ብዬ? አባትሽ ሰው የነገረውን አይሰማም። ራሱ የደረሰበትን ነው የሚሰማው።"

"እስኪደርስበት ዓይኑ አለቀ! ሐኪሙ እንደገና ተራ ሰጥቶኛል። ይሄን ካሳለፈ እኔ እንጃ።"

"ጫማዬን ሲሰማ የት እንዳለሁ ያውቃል። ሰፊውም እየተጣራ ይረዳዋል። ትንሽ ጊዜ ስጪው።"

"አንቺስ? አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?"

ድስት ስታማስል ይሰማኛል።

"እኔማ" አለች፣ "አጠገቡ ተኝቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቤቱን በሐሳቤ እዞረዋለሁ። እንዴት እንደሚሆንለት ልወቅ ብዬ። ወጥ ቤት ድረስ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ይጠፋብኛል።"

አሳልኩ። ወዲያው ስለ ዘይት ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። ሰፈራችን ውስጥ ሽማግሌ ብዙ ነው።

ጫማው ግን የእሷ ነው።

ዓርብ ንጋት

ድልድዩ ላይ ነበርኩ። ዝናብ ይዘንባል። ድልድዩ ወረቀት ስለሆነ ረጠበ፣ ከመሀሉ መላቀቅ ጀመረ። ሙጫዬን ይዣለሁ፣ ግን የስንጥቁን ዳር አላገኘሁትም። ባለ እንስራዋ ከማዶ መጣች። ቋ ቋ ቋ ይላል እግሯ። እንድትመለስ ልጮኽላት ፊቷን ፈለግኩ። ፊት የለም። እንስራው አለ፣ እጇ አለ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነው።

ዛሬ ህልሜ ውስጥ ጭጋግ ገባ።

ማክሰኞ፣ ለወረቀቱ የመጨረሻው ቀን

ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። ሰፊው "እንኳን ደህና መጣህ" አለ እንጂ ሌላ አላለም። የባንኩ ሰልፍ ገበያውን ዞሮ እኛ ጋ ደርሷል። ሰው ሁሉ ከፍራሽ ሥር፣ ከመጽሐፍ መሀል ያወጣውን ወረቀት ይዞ ቆሟል። ይንሿሿል። እንደ ህልሜ ወንዝ።

"ሽንኩርት ሻጯ መጣች!" አለ ሰፊው።

ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ኖት አኖረች። "ልጄ ቀዶብኛል፣ ጋሼ። ባንኩ ሳይዘጋ ይግጠሙልኝ።"

"ሌላ ሰው የለም?" አልኳት።

"እርስዎ ያበላሹብኝን እርስዎ ከፍለዋል። የተቀደደውን ደግሞ ሌላ ማን ይገጥመዋል? ይልቅ ይፍጠኑ፣ ሰልፉ እየሄደ ነው!"

ደረቅ ናት፤ ባለ እንስራዋ ናት። ጣቴ አወቃት። ቅዳጁ በእንስራው አፍ ገብቶ በሴትየዋ ትከሻ ወርዷል። ስስ ወረቀት ቆረጥኩ፣ ሙጫ ቀባሁ፣ ጫፍ ለጫፍ አገናኘሁ። ዓለም ጸጥ አለ። እንደዚህ ያለ ጥገና ከወጣትነቴ ወዲህ አልሠራሁም።

"ወጌሻው" አለ ሰፊው። "ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትሠራው?"

"ሲገለጥስ ምን ይጨምርልኛል?" አልኩት።

ከአፌ ወጣ። መመለስ አልተቻለም። ሽንኩርት ሻጯ ኖቷን ተቀበለች፣ ትከሻዬን ነካ አደረገችና ወደ ሰልፉ ሄደች። ሰፊው መኪናውን መርገጥ አቆመ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አልኩት። "ዛሬ ጭጋግ አለ?"

"የለም።"

"ትናንትስ?"

"ዓመቱን ሙሉ አልነበረም፣ ወንድሜ።"

የሚቀልድ ድምፅ አልነበረም። ምላጬን አጠብኩ። ሙጫውን ደፋሁት። "ልጄ የያዘችልኝ ተራ መቼ ነበር?" አልኩ፣ እንደማልጨነቅ አስመስዬ።

"ነገ ጠዋት ነው። ወጌሻም ይታመማል እኮ፣ ምን አለበት?"

የምሄደው የልጄን አፍ ለመዝጋት ነው ብዬ ነው ቤት የምናገረው። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ።

ዓርብ

ይህን የምትጽፈው ባለቤቴ ናት። እኔ የምነግራትን ብቻ ትጽፋለች። (እሺ።)

አንዱን ዓይኔን ሠርተው በጨርቅ አሽገውታል። ሌላው ኋላ ነው። ምንም አላመመኝም። (እጄን ጨምቆ ሊሰብረው ነበር።) ሐኪሙ በድምፁ ልጅ ነው፣ ቢሆንም እጁ አይንቀጠቀጥም። ሥራ የሚችል ሰው እጅ አውቃለሁ። ሳይጀምር "የተጠገነ ነገር እንደነበረው አይሆንም፣ አይደለም?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አይሆንም" አለኝ። "እንደነበረው አይሆንም። ያያል ግን።"

ያልዋሸኝ የመጀመሪያው ሐኪም ነው። (ሌላ ሐኪም አያውቅም።)

ሞራውን አውጥታችሁ በቦታው ምን ትተክላላችሁ አልኩት። ጥርት ያለች ትንሽ ክብ ነገር ናት አለኝ። ከምን የተሠራች? "ከፕላስቲክ" አለኝ።

(እዚህ ላይ ዝም አለ። ብዙ ቆየ። ሻይ አፍልቼ መጣሁ፣ አሁንም ዝም ብሏል።)

ይህን አትጻፊው።

(ጻፍኩት።)

ሰኞ

በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ደብተሩ መስመር አለው ለካ፤ ሰማያዊ ነው። የቀደሙትን ገጾች አየኋቸው፣ ፊደሎቼ እንደ ሰከረ ሰው እየተገፋፉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ። ከእንግዲህ ማንም አያነባቸውም።

ጨርቁን ሲያነሡልኝ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን ቁልፍ ነው። ከነጭ ካፖርቱ ላይ አንዲት ቁልፍ በጥቁር ክር ተተክላለች። "የሰፋልህ ሰው ይፈር" አልኩት። ሳቀ።

ከዚያ ገበያ ሄድኩ። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነው። ሥጋ ቤቱ ቦታው ላይ ነው፣ ቀለሙን ቀይረውታል፣ አስቀያሚ አረንጓዴ። ጠረጴዛዬ ባዶ ነው። ወረቀት የሚባል ነገር በማንም እጅ የለም። ሰፊው እንዲህ አርጅቷል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ከኪሱ አዲሱን ኖት አውጥቶ ሰጠኝ።

ገለበጥኩት። መሀሉ ላይ፣ ከድልድዩ ጎን፣ ጥርት ያለ ነገር አለ። በውስጡ የጣቴን ቆዳ አየሁ።

"እ?" አለ ሰፊው።

"ትንሽ ናት።"

"ግን አለች።"

"አለች" አልኩ። ማለት ግድ ሆነብኝ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ክርክር! አሁን አንተስ ራስህ መስኮት አውጥተህ የለም እንዴ? ያውም ከዚሁ ጨርቅ የተቀደደ!" ገበያው እስኪሰማ ሳቀ። ከዚያ ሲያበቃ፣ ፊቱን ወደ መኪናው መልሶ፣ "ጠረጴዛህን አታንሣ" አለኝ። "ገንዘቡ መቀደድ ቢያቆምም የሰው ልብስ አላቆመም። እኔ ደግሞ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኛል።"

አስብበታለሁ አልኩት። ኖቱን ይዤው ሄድኩ፣ እንደሚመለስ ያውቃል።

ቤት ስገባ ምንም ድምፅ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሜ ኖቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ፣ ልጆች እንደሚያደርጉት። በዚያች በትንሿ መስኮት ወጥ ቤቱ ታየኝ፣ ምድጃው፣ ድስቱ፣ ከድስቱ ጎን ሴት። ጠጉሯ ነጭ ነው። መቼ እንደነጣ አላውቅም። ዞር ስትል ፊቷ ላይ የማላውቃቸው መስመሮች አሉ፣ ከዓይኗ ተነሥተው እስከ ጉንጯ የሚወርዱ። ኖቱን ከዓይኔ ላይ አላነሣሁትም። ትንሽ ልቆይ ፈለግኩ።

"ምን ታያለህ?" አለችኝ።

"ይሄን ፕላስቲክ ነው የማየው።"

"እና?"

"አሁንም ገንዘብ አይመስለኝም።"

ወደ እኔ መጣች። ያኔ ነው ምን እንደጎደለ የገባኝ። ባዶ እግሯን ናት። ጫማው በሩ ሥር ተቀምጧል፣ ቀይ ነው፣ ቀይ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሶሉ ከተረከዙ በኩል እስከ ምስማሩ አልቋል።

"ጫማሽን ምነው አወለቅሽው?" አልኳት።

"ምን ያደርግልኛል?" አለች። "ታየኛለህ አይደል።"